ቆጣሪ አንባቢዋና የድልድዩ ዕጣ

አክስቴን ሰፈርተኛው ሁሉ «እትዬ ቆጣሪ» ይላታል። የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም ከእኔና ከመሥሪያ ቤቷ መዝገብ በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። እሷም አይከፋትም። ሰው በሥራው ሲጠሩት ቶሎ ይሰማል ትላለች።

ሥራዋን ከሩቅ ላየው ቀላል ነው። ብስክሌቷን አጥር ታስደግፋለች፤ ከኮርቻው ሥር ካለችው ቦርሳ የብረት ሜንጦዋን ታወጣለች፤ በሜንጦው የጉድጓዱን ክዳን ታነሳለች፤ ትንበረከካለች፤ የቆጣሪውን መስታወት በጨርቅ ትወለውላለች፤ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ክዳኑን ትመልሳለች። ከዚያ ቀጣዩ ቤት። በቀን መቶ ሃያ ቤት። ጉድጓዱ ውስጥ ሸረሪት አለ፣ እንቁራሪት አለ፣ አንዳንዴም ባለቤቶቹ ደብቀው የረሱት ቁልፍ አለ። ውሾቹ በብስክሌቷ ካቴና ድምፅ ያውቋታል። ሰዎቹን ደግሞ እሷ በውሃቸው ታውቃቸዋለች። ቁጥሩ ድንገት ከፍ ካለ ወይ ልጅ ተወልዷል፣ ወይ ቧንቧ ፈንድቷል፣ ወይ የባል እናት ልትከርም መጥታለች። ቁጥሩ ጭራሽ ካልተነቃነቀ በር ታንኳኳለች። እንዲህ አንኳኩታ ወለል ላይ ወድቀው የነበሩ ሁለት አረጋውያንን አትርፋለች። ይህ ሲወራላት ግን አንገቷን ትሰብርና ወሬውን ወደ ውሾቹ ትመልሰዋለች።

በቆጣሪው ፊት ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥሮች ይደረደራሉ። በግራ ያሉት ጥቁር ናቸው፤ ሙሉውን ሜትር ኩብ ይቆጥራሉ። በቀኝ ያሉት ሦስቱ ቀይ ናቸው፤ ሽርፍራፊውን ይቆጥራሉ። ጥቁሩ ይጻፋል፣ ቀዩ ይተዋል። አክስቴ በተቀጠረች በመጀመሪያው ወር ቀዩንም ጨምራ ጻፈችና፣ በአንዲት ክፍል ብቻዋን የምትኖር ልብስ ሰፊ የዋና ገንዳ ባለቤት ሆና ተመዘገበች። አለቃዋ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት «ቀይ ሲያይ ዓይንሽ ይታወር» አሏት። ታወረላቸው። ከዚያ ወዲህ ዓይኗ ቀይ ቁጥር ጋ ሲደርስ ማንም ሳያዘው ይመለሳል።

የሥራ ክልሏ የሚያልቀው ከትልቁ ድልድይ ሥር ነው። የመጨረሻው ቤት የጀልባ ጠጋኙ ነው። የእሱን ቆጣሪ አንብባ ቀና ስትል ድልድዩ ከራሷ በላይ ይነሳል፤ መሃል ላይ እንደ ድመት ጀርባ ያብጥና ከወንዙ ማዶ ይወርዳል። ብስክሌትም እግረኛም አይሄድበትም፤ ለመኪና ብቻ ነው። በዓመት አንድ እሑድ ግን ለመኪና ተዘግቶ ለብስክሌተኛ ይከፈታል። ከከተማው መሃል ተነስቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ በማዶ ያሉትን ኮረብቶች ዞሮ፣ በዚያው በድልድዩ ተመልሶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሰው «የድልድዩ ቀን» ይለዋል። የሚፈቀደው ለስምንት ሺህ ሰው ሲሆን የሚያመለክተው ከአርባ ሺህ ያልፋል። ስለዚህ ዕጣ ይወጣል።

አክስቴ ድልድዩን በአውቶቡስ ተሻግራዋለች። ይህን ስናነሳባት፣ በአውቶቡስ መሻገር ሠርግን በአጥር ቀዳዳ ማየት ነው ትላለች። በብስክሌት ለመሻገር ሦስት ዓመት አመለከተች፤ ሦስቱንም ዓመት ዕጣው ሳይወጣላት ቀረ። በመጀመሪያው ዓመት ትከሻዋን ነቀነቀች። በሁለተኛው፣ ዕጣ ዘመድ የለውም አለች። በሦስተኛው ዓመት በዕለቱ ድልድዩ ሥር ሄዳ ለሚያልፈው ሁሉ ስታጨበጭብና ስትጮህ ውላ ድምፅዋ ተዘግቶ ተመለሰች። ያን ጊዜ አልተከፋችም፤ ምክንያቱም ደንቡን ታውቃለች። ሦስት ዓመት በተከታታይ ዕጣ ያልወጣለት ሰው በአራተኛው ያለ ዕጣ ይገባል። ዘንድሮ አራተኛዋ ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ነገርም ነበረ። መሥሪያ ቤቷ ቁጥራቸውን ራሳቸው የሚልኩ አዳዲስ ቆጣሪዎች እያስተከለ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ አንባቢዎቹ ሁሉ ወደ ቢሮ ይገባሉ፤ ለአክስቴም ጠረጴዛና የሚዞር የቢሮ ወንበር ተመድቦላታል። ሄዳ አየችው፤ ተቀምጣ አንዴ ዞረችበትና ጥሩ ነው አለች። እቤት ስትመጣ ግን የጫማዋን ማሰሪያ እየፈታች፣ ለእኔ ሳይሆን ለጫማዋ የምትነግር ይመስል፣ ሐሳቧን አወጣችው። ድልድዩን መሻገር የምትፈልገው እግሯ የሥራ እግር ሳለ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ከርሞ እሑድ ለመዝናናት የሚወጣ እግር ሌላ እግር ነው፤ እሱ የሚሻገረውም ሌላ ድልድይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የተሸከማት እግር ከመሰናበቱ በፊት ያቺን የድመት ጀርባ እንዲወጣ ትፈልጋለች።

«ዘንድሮ ነው» አለች። «ደግሞም ዕጣ አያስፈልገኝም።»

ለሁሉም ተናገረች። ለጀልባ ጠጋኙ፣ ለመሥሪያ ቤቷ ዘበኛ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ላለው ፀጉር አስተካካይ። ለብስክሌቷ አዲስ ጎማ ገዛች። መልእክቱ የመጣ ዕለት ቁርስ ላይ ነበርን። ስልኳን አንስታ አነበበች፤ መነፅሯን ወልውላ ደግማ አነበበች። ከዚያ ወደ እኔ ገፋችልኝ። «እናዝናለን፤ ዘንድሮ ዕጣው አልወጣልዎትም» ይላል። እኔ ዓይኔ ውሃ ሞላ፤ እሷ ሻይዋን ጨረሰች። ተሳስተው ነው፣ ቁጥር ይሳሳታል፣ ሄጄ አስተካክለዋለሁ አለች። እውነቷን ነበር፤ እንዲህ ያለ ስህተት በሕይወቷ ስንት ጊዜ አስተካክላለች።

በምሳ ሰዓት ወደ አዘጋጆቹ ቢሮ አብሬያት ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወጣት ትሑት ልጅ ነው፤ ወንበር ስቦላት ተቀመጠች። ኮምፒውተሩን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ኮምፒውተሩን አየ።

«እናቴ፣ እዚህ የሚለው የመጀመሪያ ጊዜ አመልካች ነዎት ነው።»

አራተኛዋ እንደሆነ ነገረችው። በመጀመሪያው ዓመት የላኩላትን የአመልካች ካርድ ከቦርሳዋ አወጣች፤ እንዳይጨማደድ በላስቲክ ጠቅልላ ነበር የያዘችው። ልጁ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያስተያይ ቆየና ማያውን ወደ እሷ አዞረው። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቅጹ ላይ መሞላት አለበት፤ ያመለከቱት ዓመታት የሚደመሩት በእሱ ነው።

«ካርዱ ላይ ስምንት ቁጥሮች አሉ» አላት። «እርስዎ የሞሉት ግን አምስት ብቻ ነው። በየዓመቱ አምስት። ሦስቱስ?»

«ቀዮቹ?»

«አዎ፣ ቀዮቹ።»

«ቀይ አይጻፍም» አለችው፣ አዲስ ተቀጣሪ እንደምታርም ሁሉ ረጋ ብላ።

ልጁ ካርዱን አንስቶ አገላብጦ አየው። ካርዱን ያሳተመው ሰው ለማሳመር ብሎ ነበር አምስቱን ጥቁር ሦስቱን ቀይ ያደረገው። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ ማሽኑ ሊያውቃት አልቻለም፤ በየዓመቱ ከዜሮ እየጀመረ እንደ አዲስ ሰው ተቀበላት። አክስቴ ማያውን አየች፤ ካርዱን አየች፤ ጆሮዋ ሲቀላ አየሁ። ከዚያ ሳቀች። ከሆዷ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ልጁ መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎት ውሃ ሊያመጣ ተነስቶ ነበር።

«ሰው ዕጣ ከዳኝ ይላል» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እኔን ግን ቁጥር ማወቄ ከዳኝ።»

ልጁ ማድረግ የሚችለውን አደረገ። ሦስቱን ዓመታት ደመረላት፤ በሚመጣው ዓመት ያለ ዕጣ እንደምትገባ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አትሞ ሰጣት። የዘንድሮው ዝርዝር ግን ተዘግቷል፤ የደረት ቁጥሮቹ ታትመዋል። የሚቀር ሰው ቢኖርስ ብላ ጠየቀች። የቀረ ሰው ቦታ ባዶ ይቀራል እንጂ ለሌላ አይተላለፍም አላት። ሁለተኛ አልለመነችም። አመስግናው ወጣች፤ ከሰዓት በኋላ የቀሯት ስልሳ ሁለት ቤቶች ነበሩ።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ሊያጽናኗት መጡና፣ አይዞሽ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አሏት። «አይታፈስም፤ ይቆጠራል ግን» አለቻቸው። «የእኔም ተቆጥሯል። ሦስት ዓመት።» መምህሩ እየሳቁ ሄዱ። ደህና ናት ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን የጀልባ ጠጋኙን መንገድ ላይ አገኘሁትና፣ ያመማት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የቤቱን ቆጣሪ አንብባ ስትጨርስ ቀና አላለችም፤ ብስክሌቷን አዙራ መሬት መሬት እያየች ሄደች አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ቀና ሳትል ሄዳ አታውቅም።

ፀጉር አስተካካዩ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ይህ ሰው ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ወሬው ከመቀሱ የሚፈጥን ሰው ነው። ደንበኞቹ ለቀልድ ብለው የድልድዩን ቅጽ ሞልተውለት ነበር። በመጀመሪያ ሙከራው ዕጣው ወጣለት። ሳቁ ለአንድ ሳምንት በቃቸው። አሁን የደረት ቁጥሩን የያዘችውን ፖስታ ይዞ መጣና ጠረጴዛችን ላይ አኖራት።

«እትዬ፣ ይኸውልሽ። ደረትሽ ላይ ለጥፊና ሂጂ» አላት። «ሄልሜትና መነፅር ከተደረገ በኋላ እንኳን አንቺና እኔ፣ አማትና ምራትም አይለዩም።»

«ጢምህንስ ምን ላድርገው?»

«ተላጨሁ ትያለሽ። ፀጉር አስተካካይ አይደለሁ?»

ፖስታዋ ጠረጴዛችን ላይ ሦስት ቀን ከረመች። እኔም ውሰጂው አልኳት፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ ያን ጊዜ ግን የጀልባ ጠጋኙ የነገረኝ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ቁጥሩን አውጥታ ሸሚዟ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዛ መስታወት ፊት ስትቆም አየኋት። ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ ጎን ለጎን እየዞረች፣ ረጅም ጊዜ ቆመች። ያማረባት ነበር። በሦስተኛው ቀን ፈትታ ወደ ፖስታዋ መለሰችው።

ምክንያቱን ስጠይቃት ስለ አንድ የድሮ ባልደረባዋ ነገረችኝ። ሰውየው ጎበዝ አንባቢ ነበር፤ ኋላ ግን መንበርከክ ሰለቸውና ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ቁጥሩን ከራሱ እየገመተ መጻፍ ጀመረ። ግምቱ አይታማም፤ ማንም አልነቃበትም። በግምት ከጻፋቸው ቤቶች በአንዱ ወለል ሥር ግን ቧንቧ ተሰንጥቆ ነበር። ለአምስት ወር ውሃው መሠረቱን ሲበላ ወረቀቱ ላይ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። አንድ ጠዋት ግድግዳው ወረደ። ሰው አልሞተም፤ አሮጊቷ ባለቤት ግን ከዚያ በኋላ በሰው ቤት ነው የኖሩት። አክስቴ ያን ቀን በሦስት ቤት ርቀት ላይ ነበረች። ያልሆነችውን ሰው መሆኗን የሚናገር ወረቀት ደረቷ ላይ ለጥፋ የድመት ጀርባዋ ጫፍ ብትደርስ፣ እዚያ የደረሰው ማን እንደሆነ ለራሷ እንኳ መንገር አትችልም። እንዲህ አለችኝና ፖስታዋን ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

ተከትያት ሄድኩ። ሱቁ በደንበኛ ሞልቶ ነበር። ፖስታዋን ከማበጠሪያዎቹ አጠገብ አስቀመጠችለት።

«ያንተ ነው። አንተ ትሄዳለህ።»

«እኔ?» መቀሱ አየር ላይ ቀረ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ገበያ ደርሼ ስመለስ ሚስቴ ሸሚዜን ትጨምቃለች።»

«ሰባት ሳምንት አለህ። ካልሄድክ ቦታው ባዶ ነው የሚቀረው። ላንተም አይሆን፣ ለእኔም አይሆን።»

«አንቺ ብትሄጂ ምን አለበት ታዲያ?»

«እኔ ባንተ ቁጥር ብወድቅ የሚደወለው ለሚስትህ ነው። እያለቀሰች ሆስፒታል መጥታ እኔን ታገኛለች።»

«ደስታዋን አትችለውም» አለ ሳሙና ፊቱን የሸፈነው ደንበኛ። ሱቁ በሳቅ ተናጋ፤ ፀጉር አስተካካዩም ሳይወድ ሳቀ። ሲጨርስ ግን አክስቴ እዚያው ቆማ እያየችው ነበር። ዓይኗ እንደዚያ ሲሆን ሰው ዋናውን ቧንቧ ዝጋ ቢባል ይዘጋል። ነገ ስንት ሰዓት ብሎ ጠየቃት።

በማግሥቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በአማቹ ብስክሌት፣ በሚስቱ ሹራብ መጣ። አክስቴ ኮርቻውን ከፍ አደረገችለት፣ ፍሬኑን አጠበቀችለት፤ ሥራ እስኪገባ ድረስም የእሷን መንገድ ይዘው ወጡ። ልምምዱ እንግዳ ነበር። መቶ ሜትር ይነዳሉ፣ ትቆማለች፣ ክዳን ታነሳለች፤ እሱ ደረቱን ይዞ ይተነፍሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ክዳኑን ባገኘ ቁጥር የሚስመው ይመስል ነበር። አክስቴ ርቀትም ሰዓትም አልለካችለትም። የለካችው ወሬውን ነው። የትምህርት ቤቱ ዳገት ሥር ሲደርሱ ወሬው ቀጥ ይላል፤ ዳገቱ ካለቀ በኋላም ለሁለት ቤት ያህል አይመለስም። በሦስተኛው ሳምንት እስከ ዳገቱ ወገብ እያወራ ደረሰ። በአምስተኛው ሳምንት የአንድ ደንበኛውን የፍቺ ጉዳይ ከዳገቱ ሥር ጀምሮ፣ ምስክር አሰምቶ፣ ጫፉ ላይ ፍርድ ሰጠ። ያን ቀን አክስቴ እቤት ገብታ፣ ደርሷል አለችኝ።

እሷም በእነዚያ ሳምንታት ተለወጠች። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ብስክሌቷን እንደገና መወልወል ስትጀምር ነው። እሑድ እሑድ ሁለቱም በቀለበት መንገዱ ስልሳ፣ ሰባ ኪሎ ሜትር ይሄዱ ነበር፤ ስትመለስ ጉንጯ የቀላ፣ የምግብ ፍላጎቷ የጉድ ነው። ከፀጉር ቤቱ ደንበኞች ሁለቱ፣ ቀጥሎም ያ ፊቱን ሳሙና የሸፈነው ጭምር ሦስት ሆነው ተከተሏቸው። ለሚመጣው ዓመት ዕጣ ሊያመለክቱ ነው። አንድ ጠዋት እንዲህ ተሰልፈው ሲያልፉ መስኮት ላይ ሆኜ አየኋቸው፤ አክስቴ ፊት፣ እነሱ እንደ ዳክዬ ጫጩት ከኋላ። ያን ዕለት ስለ ቢሮው ወንበር ጠየቅኳት። ወንበሩ የሥራ ሰዓት ብቻ ነው አለችኝ። ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ያለው መንገድ የእሷ ነው፤ እነዚህ ሰዎች እሷን ካላዩ ከአልጋ አይወርዱም። እግሬን ማንም አላሰናበተውም አለች፣ እንደ ዋዛ፣ ፀጉሯን እያሰረች።

የድልድዩ ቀን ደረሰ። ፀጉር አስተካካዩን መነሻው ድረስ ሸኘነው። ስምንት ሺህ ሰው፣ ስምንት ሺህ ደወል። ቁጥሩን ደረቱ ላይ ያያያዘችለት አክስቴ ናት። ጫፎቹን ጎትታ አስተካክላ፣ ደረቱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና፣ ዳገቱ ላይ አውራ፣ ቁልቁለቱ ላይ ዝም በል አለችው። ከዚያ እሷና እኔ ወደ ጀልባ ጠጋኙ ቤት ሄድን። ግቢው ውስጥ ሦስት ወንበር አወጣልን። ብስክሌቶቹ ከላያችን እንደ ረጅም ዝናብ ድምፅ ያሰማሉ። አክስቴ አልጮኸችም፣ አላጨበጨበችም። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ድልድዩን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ስታየው ዋለች። የጀልባ ጠጋኙ ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

ፀጉር አስተካካዩ ከኋለኞቹ ጋር ሆኖ፣ መንገዱ ለመኪና ሊከፈት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መጨረሻውን አለፈ። ሚስቱ ቀድማ አቅፋው ሸሚዙን ጨመቀችለት። እሱ ግን ከእቅፏ ላይ አንገቱን አስግጎ በሕዝቡ መሃል አክስቴን ፈለጋት። ላቡ ፊቱ ላይ ጨው ሠርቶ፣ ያየውን ሊነግራት እየተቻኮለ መጣ።

«እትዬ፣ የመሃሉ ጫፍ ላይ ስትደርሺ እኮ...»

እጇን ዘረጋችና አስቆመችው።

«አትንገረኝ። የሚመጣው ዓመት ራሴ አየዋለሁ።»

«ዓመት ሙሉ?»

«ዓመት ሙሉ። ለሌላም ሰው አትንገር፤ ይህ ሰፈር ወሬ አይደብቅም።»

ሚስቱ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፤ እሱን ዝም ያሰኘ ሰው አይታ አታውቅም። አክስቴ በአንድ እጇ የራሷን፣ በሌላው የእሱን ብስክሌት እየገፋች ፊት ፊት ሄደች። እሱ ሚስቱን ተደግፎ ተከተለ። እስከ ቤቱ ድረስ ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሁለት ጊዜ ዘጋው።

አሁን አክስቴ ወንበሯ ላይ ከተቀመጠች አራት ወር ሆኗታል። ጠዋት ጠዋት የሚከተሏት ሰባት ደርሰዋል። ፀጉር ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ድልድዩን ነው፤ እንዴት ነበር፣ ጫፉ ላይ ምን ይታያል ይላል። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ያቆማል። በመስታወቱ ውስጥ የእኛን በር አሻግሮ ያያል። ከዚያ የደንበኛውን ራስ ቀስ አድርጎ ወደ ፊት ያጎነብስና፣ ከኋላ ምን ያህል ላሳጥርልህ ብሎ ይጠይቃል።